የንግድ ምክር ቤት ለውጭ ንግድ ምን ይሠራል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

በደቡብ ወሎ በቃሉ ወረዳ ቆላ የበቀለ ማሾ ወደ ውጭ ገበያ የሚሄድበት መንገድ ከደጁ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ላይ የተጫነ መኪና ባቲን አልፎ ወደ አፋር ይወርድና ሚሌ ላይ ከዋናው የጅቡቲ መንገድ ጋር ይገናኛል። ከዕቃው ጋር መሄድ ያለበት ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫው ሌላ ነው፤ የላኪው ቢሮ አዲስ አበባ፣ የባንኩ የውጭ ንግድ ክፍል አዲስ አበባ፣ ገዢውን በስልክ የሚያውቀው ሰውም አዲስ አበባ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚይዘው ቦታ በአብዛኛው የሰብሳቢና የአቅራቢ ነው፤ ከገበሬው ይገዛል፣ ያበጥራል፣ ለላኪው በኩንታል ያስረክባል፣ ከዚያ በኋላ ማሾው የት እንደደረሰና በስንት እንደተሸጠ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው።

የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ክልል ነጋዴዎች ያቋቋሙት ምክር ቤት፣ ራሱ ሳይገዛና ሳይሸጥ፣ ይህን ርቀት እንዴት ሊያሳጥር ይችላል? ከዚህ በታች የማብራራው ይህንኑ ነው፤ የት ላይ እንደሚጠቅም ብቻ ሳይሆን የት ላይ ከስም ያለፈ ሥራ እንደማይኖረውም ጭምር።

ምክር ቤቱ ምንድን ነው

ነጋዴ በማኅበር መቆሙ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሲራራ ንግድ ዘመን ነጋዴዎች ነጋድራስ የሚባል አለቃ ነበራቸው፤ በየኬላው ስለ ቀረጥ የሚነጋገረውና በማያውቁት አገር ገዢ ፊት ስለ እነርሱ የሚቆመው እርሱ ነበር። በኋላ ግን ማዕረጉ የመንግሥት ሹመት ሆነና ነጋድራሱ ራሱ የቀረጥና የገበያ ሹም ሆነ፤ ስለ ነጋዴው የሚከራከረው ሰው ከነጋዴው የሚሰበስበው ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን መገለባበጥ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአውሮፓ የንግድ ምክር ቤት በሚለው ስም ቀደምት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1599 በፈረንሳይ የወደብ ከተማ በማርሴይ የተቋቋመው ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያው ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው ሕግ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ለማቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ሲሆን፣ ከወረዳና ከከተማ ጀምሮ እስከ ክልልና እስከ አገር አቀፍ ድረስ የሚዘልቅ መዋቅር ዘርግቷል። በዚህ መዋቅር የደሴና የኮምቦልቻ የከተማ ምክር ቤቶች ከክልሉ ምክር ቤት ጋር፣ የክልሉም ከኢትዮጵያ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ጋር ይያያዛሉ። «የዘርፍ ማኅበር» የሚባለው በአንድ ዓይነት የምርት ወይም የአገልግሎት ሥራ የተሰማሩትን የሚያሰባስብ ሲሆን፣ የንግድ ምክር ቤት የሚባለው ደግሞ ሥራቸው ምንም ይሁን ምን የአንድ አካባቢ ነጋዴዎችን የሚያሰባስብ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ለምናወራው ጉዳይ ግን ልዩነታቸው ያን ያህል አያግደንም።

ከዚህ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ምክር ቤቱ የማይሆነው ነገር ነው። ምክር ቤት የንግድ ፈቃድ አይሰጥም፣ መሬት አይመራም፣ ብድር አያበድርም፣ የውጭ ምንዛሪም አይፈቅድም። አባልነቱም በፈቃደኝነት ነው። አባል ሆኖ ከርሞ «ምን አገኘሁበት?» የሚል ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ጠብቆ የቀረ ነው።

ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው

ምክር ቤት ለውጭ ንግድ ከሚሠራው ሁሉ ብዙም የማይወራለት፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው፣ የወረቀቱን ሥራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ኤልሲ የሚባለው የክፍያ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የጃካርታ ገዢ የኮምቦልቻን ነጋዴ አያውቀውም፤ የኮምቦልቻውም እርሱን አያውቀውም። አንዱ ቀድሞ ገንዘብ ቢልክ ዕቃው ሊቀርበት ይችላል፣ ሌላው ቀድሞ ዕቃ ቢልክ ገንዘቡ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ የገዢው ባንክ በመካከል ይገባና «የተባሉት ሰነዶች ተሟልተው ከቀረቡልኝ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ይሰጣል። ከሰነዶቹ መካከል በአብዛኛው የሽያጭ ኢንቮይስ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የመርከብ ማጓጓዣ ሰነድ፣ የጤና ወይም የጥራት ማረጋገጫና የሥሪት አገር የምስክር ወረቀት፣ ማለትም ነጋዴዎች «ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጅን» የሚሉት፣ ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ላኪን የሚያስደነግጠው ደንብ፣ ባንኮች የሚያዩት ሰነድን እንጂ ዕቃን አለመሆኑ ነው። ማሾው ምንም ያህል የጸዳ ቢሆን፣ በኢንቮይሱ ላይ ያለው የድርጅት ስም በኤልሲው ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ወይም የመጫኛው ቀን ካለፈ፣ ባንኩ ሰነዱን ሳይቀበል ሊቀር ይችላል፤ ገዢውም በዚህ ሰበብ ዋጋ ሊያስቀንስ ይችላል። ዓለም የሚመራበት ይህ የኤልሲ ደንብ፣ እንዲሁም ሻጩ ወጪውንና ኃላፊነቱን እስከየት ድረስ እንደሚሸከም የሚወስኑት «ኤፍኦቢ» እና «ሲአይኤፍ» የሚባሉት የማስረከቢያ ውሎች ትርጉም፣ የወጡት ከየትኛውም መንግሥት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተውና መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣቸው ናቸው፤ የማስረከቢያ ውሎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጡ፣ አሁን የሚሠራባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋሉት ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የደሴ ነጋዴ «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ብሎ ሲዋዋል የሚገዛበት ሕግ የነጋዴዎች ማኅበር ሕግ ነው።

የሥሪት አገር ምስክር ወረቀትን ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ ዓይነቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ዕቃው የየት አገር እንደሆነ ብቻ የሚመሰክር ሲሆን፣ በመላው ዓለም የንግድ ምክር ቤቶች የሚሰጡት ይህንን ነው። ሁለተኛው በንግድ ስምምነት መሠረት ዕቃው ቀረጥ እንዲቀነስለት ወይም ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የሚያስችል ነው፤ ይህኛው በእኛ አገር የሚመለከተው ጉምሩክን ነው። የሚፈልገው ሁለተኛው ሆኖ የመጀመሪያውን ይዞ የሚሄድ ላኪ፣ ገዢው በወደቡ ላይ ያልጠበቀውን ቀረጥ ይከፍልና በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላ ሻጭ ይዞራል። ከፊርማው በፊት ይህን ለይቶ የሚነግር አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ ቢኖር፣ ከአሥር ዐውደ ጥናት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዜናው በጊዜው ሲደርስ

ስለ ማሾ ካነሣን፣ ለዋጋው መናጥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቃሉ ማሳ ውጭ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ማሾ ያለ ገደብ እንዲገባ ፈቀደች፤ ዓመት ሳይሞላ በ2022 መጀመሪያ መልሳ ገደበችው። እንዲህ ያለው ውሳኔ በአንድ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ያን ዕለት መጋዘኑን የሞላ ሰብሳቢ ግን ወሬውን የሚሰማው ላኪው ስልክ ማንሣት ሲያቆም ነው። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ በመሆኑ የአገር ውስጡን ዋጋ ማወቅ ይቻላል፤ ዋጋው ለምን እንደወረደ ወይም ነገ ወዴት እንደሚያመራ ግን የዋጋ ሰሌዳ አይናገርም።

የክልል ምክር ቤት ከአገር አቀፉ፣ አገር አቀፉም ከአህጉራዊዎቹ ጋር የሚያያዘው ለዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመውና መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የመላው አፍሪካ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ነው። ሰንሰለቱ የሚሠራ ከሆነ የሌላ አገር ሕግ ለውጥ ከላይ ወደ ታች በቀናት ውስጥ ደሴ ይደርሳል፣ የደሴም ጥያቄ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ዕድሎችም እንዲሁ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ያላደጉ አገሮችን ምርት ሁሉ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ቻይናም ከ2024 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ጀምሮ ከእርሷ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ላላቸው ያላደጉ አገሮች ምርቶች በሙሉ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። ኢትዮጵያ በሁለቱም ትጠቀማለች። ከቀረጥ ነፃ መሆን ግን ከጥራት ደንብ ነፃ መሆን አይደለም፤ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ የእርጥበት መጠን፣ የባዕድ ነገር መቶኛ እንዳሉ ናቸው።

ልዑክ፣ ባዛርና ዳያስፖራ

የንግድ ልዑክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከሙሉ ልብስ ለባሾች ጋር የተነሣ ፎቶና የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ነው። የሚያፈራ ልዑክ ግን ሥራው የሚያልቀው ከመነሣቱ በፊት ነው። የምክር ቤቱ ሰዎች ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት እንግዶቹ ምን ዓይነት ዕቃ፣ በምን መጠን፣ በምን ዓይነት ማሸጊያ እንደሚፈልጉ ይጠይቃሉ፤ ከአባሎቻቸው መካከል ይህን ማቅረብ የሚችሉትን ይለያሉ፤ እነዚያን ብቻ ከእነዚያ ጋር በሰዓት ያገናኛሉ። አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር ማስደመጥና አራት ሰዎችን ከአራት ገዢዎች ጋር ማስቀመጥ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ብዙ ድካምና ጥቂት ፎቶ አለው።

ስለ ንግድ ትርዒትም እውነቱን መናገር ይሻላል። በየከተማው «ዓለም አቀፍ ባዛር» ተብሎ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ምንጣፍ የሚሸጥበት ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ ለእኛ ይሸጥበታል እንጂ የእኛ ዕቃ ለውጭ ሰው አይታይበትም። ምክር ቤቱ ለቢሮው ኪራይና ለደመወዝ የሚሆን ገቢ ከኪራይ ድንኳን ስለሚያገኝ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ይህን ውጭ ንግድ ማስፋፋት ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም።

በአንጻሩ፣ ወሎ በእጁ ያለ፣ ከየትኛውም ልዑክ የሚበልጥ የውጭ ትስስር አለው። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች የሐይቅ ከተማ ልጅ የትኛው ሱቅ ምን ዓይነት በርበሬና ምን ዓይነት ጤፍ እንደሚሸጥ፣ በስንት ሪያል እንደሚሸጥ ታውቃለች። እስካሁን ይህ ዕውቀት ወደ አገር የሚመለሰው በሐዋላ መልክ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ምክር ቤት የውጭ አገር አድራሻ መዝገብ ማደራጀት ቢፈልግ ከኤምባሲ ደጅ ከመጥናቱ በፊት ከአባሎቹ እኅትና ወንድም ቢጀምር የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ኢንቨስትመንት፦ የኮምቦልቻ ፓርክ ያሳየን

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማነቷ የቆየ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የቆዳ ፋብሪካውና የብረታ ብረት ፋብሪካው ከፓርኩ በፊት የነበሩ ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። ከገቡት መካከል ሙሉ ልብስ የሚሰፋ የአሜሪካ፣ ቦርሳ የሚሠራ የደቡብ ኮሪያ፣ ጨርቅ የሚያመርት የጣሊያን ኩባንያ ይገኙበት ነበር። ከተማዋ ደረቅ ወደብ አላት፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍም አላት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር ሐዲድ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦቱ ባለመሟላቱ ተዘርግቶ ያለ አገልግሎት ብዙ ዓመት ቆይቷል።

የውጭ ባለሀብትን ወደዚህ ያመጣው የአካባቢው ምክር ቤት አይደለም። ሼዱን የሠራው፣ የግብር እፎይታውን የሰጠው፣ ኩባንያዎቹን ያነጋገረው የፌዴራል መንግሥት ነው። ታዲያ የምክር ቤቱ ቦታ የት ነው? ፋብሪካው ከገባ በኋላ ነው። ቦርሳ የሚሰፋ ፋብሪካ ካርቶን፣ ላስቲክ፣ የሠራተኛ ምሳ፣ ማመላለሻ፣ የማሽን ጥገና፣ የሥራ ልብስ ይፈልጋል። እነዚህን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ማግኘቱ ለእርሱም ይረክሳል፣ ለከተማውም ገንዘቡ ይቀራል። ነገር ግን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የከተማውን ነጋዴ አያውቅም፤ ነጋዴውም የፋብሪካውን የግዥ መስፈርት አላየም። መስፈርቱን ከፋብሪካው ተቀብሎ፣ ተርጉሞ፣ ለሦስት ካርቶን አምራቾች አሳይቶ፣ አንዳቸው ብቻቸውን የማይሸፍኑትን መጠን በጋራ እንዲያቀርቡ ማዋዋል የምክር ቤት ሥራ ነው። ይህ ያልተሠራበት ፓርክ በአጥር የተከለለ ደሴት ይሆናል፤ ከከተማው የሚወስደው የሰው ጉልበት ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ ፓርኩም ፋብሪካዎቹም ተዘረፉ። ገና ከዚያ ሳይነሡ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። ለአሜሪካ ገበያ ብለው ለመጡ ኩባንያዎች ይህ ሁለት ጊዜ መመታት ነበር። አንድ ገበያ ላይ መደገፍ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

በሽርክና ለሚመጣ አነስተኛ ባለሀብትም ምክር ቤቱ ያስፈልጋል። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ በጥቅሉ ቢያንስ 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲገባ 150 ሺህ ዶላር ማቅረብ ይጠበቅበታል። ልዩነቱ ሸሪክ እንዲፈልግ ይገፋፋዋል፤ «ይህ ሰው እውነት ነጋዴ ነው? መጋዘኑ የራሱ ነው? ከሰው ጋር ክርክር አለው?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ የከተማውን ምክር ቤት ነው። ደላላ ለሁሉም «ጎበዝ ነው» ይላል። ምክር ቤት ስለ አባሉ የሚሰጠው ቃል ዋጋ የሚኖረው አንዳንዴ «አላውቀውም» ለማለት ከደፈረ ብቻ ነው።

ክርክር ቢነሣስ? ሁለቱም ወገን የሌላውን አገር ፍርድ ቤት ስለሚፈራ በውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ያስገባሉ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው። ኢትዮጵያም የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የተደረገውን የ1958 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅም በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1237 ወጥቷል። በሽማግሌ የለመደ የወሎ ነጋዴ ሐሳቡን አይከብደውም፤ የሚጎድለው ውል ሲዋዋል አንቀጹን ማስጻፉ ነው።

ገንዘቡ ከየት፣ ድምፁ ለማን

በጀርመን ነጋዴ ሁሉ የአካባቢው ምክር ቤት አባል እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ በዚህም ምክር ቤቶቹ ቋሚ ገቢ አግኝተው ባለሙያ ይቀጥራሉ፣ በብዙ የውጭ አገሮችም የጀርመን ምክር ቤቶች አሉ። በብሪታንያና በአሜሪካ አባልነቱ በፈቃድ ነው፤ የማይጠቅም ምክር ቤት አባል ያጣና ይዘጋል። የእኛ ሕግ የሁለተኛውን መንገድ ቢከተልም፣ በከተሞቻችን ያለው የመዋጮ ልማድ ግን ሁለተኛውን መንገድ ለማስኬድ የሚበቃ አይደለም፤ ስለዚህ ምክር ቤቶች ወደ ለጋሽ ፕሮጀክትና ወደ መስተዳድሩ ቢሮ ያዘነብላሉ። የነጋድራሱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ቢሮውንና አዳራሹን ከመስተዳድሩ ያገኘ ምክር ቤት፣ በኬላ መብዛት ወይም በድርብ ቀረጥ ላይ ነጋዴው ሲያመለክት ከየትኛው ወገን ሊቆም ነው?

ጥያቄው የይስሙላ አይደለም፤ ዛሬ የሚሟገቱበት ብዙ ጉዳይ አለ። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ላኪው ካገኘው ምንዛሪ ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ለአገር ውስጥ ነጋዴ ተከልለው የነበሩት የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈቱ። የመጀመሪያው ለቃሉ ሰብሳቢ ራሱ ላኪ የመሆን ምክንያት ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው የውጭ ገዢ በቀጥታ መጥቶ ከጎኑ እንዲገዛ ያደርጋል። አንድ ሰብሳቢ ብቻውን አንድ ኮንቴይነር በወጥ ጥራት ለመሙላት ይቸገራል፤ አምስት ሆነው ግን በአንድ ስም፣ በአንድ ማበጠሪያና በአንድ ናሙና ሊያቀርቡ ይችላሉ።

እንዲህ ለመሰባሰብ የሚያስብ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነጋዴ ወደ ምክር ቤቱ ሲሄድ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ከእነርሱም ጋር በንጹሕ ከረጢት የታሸገና የተመረተበት ቀበሌ የተጻፈበት አንድ ኪሎ ናሙና ይዞ ይሂድ። የመጀመሪያ ጥያቄውም ስለ ቀጣዩ ባዛር አይሁን፤ ባለፈው ዓመት ስንት የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት በዚህ ከተማ አባላት ስም እንደወጣና ለየትኛው አገር እንደወጣ ይጠይቅ።